ደምን በፈቃድ ስለ መስጠት

በአገራችን ቋንቋ «ደም» የሚለው ቃል ከባድ ቃል ነው። ዘመድነትን ለመናገር ስንሻ «ሥጋዬ፥ ደሜ» እንላለን፤ ጠላትነትንም ለመናገር ስንሻ «ደመኛዬ» እንላለን። እኛም በዳኞች ፊት ተቀምጠን ነገር መጻፍን ሥራችን ያደረግን ሰዎች እንደ መሆናችን፥ ይህ ቃል በመዝገባችን ላይ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በክፉ ቀን ነው። ደም ፈሰሰ፤ ደም ተፈለገ፤ ሽማግሌዎች ገብተው ካሳ አስከፍለው ደም አደረቁ እየተባለ ይጻፋል። ሰው በፈቃዱ ደሙን ሰጠ ተብሎ ግን በመዝገባችን ላይ ተጽፎ አላየንም። ለምን ቢሉ፥ እንዲህ ያለው ስጦታ ክስም ሙግትም የለበትምና ወደ ዳኛ ፊት አይመጣም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ይኸው ከዳኛ ፊት የማይደርሰውን የደም ነገር ነው።

ነገሩን ከሌላ ቤት ሳይሆን ከገዛ ቤታችን እንጀምራለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክረምት ሌሊት የወንድማችን ሚስት ምጥ ይዟት ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደች። ልጅቱ በደኅና ተወለደች፤ እልልታም ተሰማ። ነገር ግን የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ የእናቲቱ ደም አልቆም አለ። አዋላጂቱ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች፤ መድኃኒትም ተሰጠ፤ ደሙ ግን መፍሰሱን አልተወም። በመጨረሻም ሐኪሙ ወደ ውጭ ብቅ ብሎ «ደም ያስፈልጋታል» አለ።

በግቢው ውስጥ የቆመው ዘመድ ከሃያ ሰው አያንስም ነበር። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ስለ እርስዋ ከሰው ጋራ የማይጣላ፥ ስለ እርስዋም በሬውን አውጥቶ የማይሸጥ አንድ አልነበረም። ደም ስጡ በተባለ ጊዜ ግን አንዱ የአንዱን ፊት ያይ ጀመር። በዚያን ጊዜ አጎታችን፥ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ሽማግሌ፥ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ክንዳቸውን ዘረጉና «ልጄ፥ የእኔን ውሰጂ፤ እነዚህ ገና የሚያርሱ ናቸው፤ ደማቸው ከወጣ ጉልበታቸው ያልቃል» አሉ። አዋላጂቱም «አባቴ፥ እግዜር ይስጥልን፤ እርስዎ ግን ዕድሜዎ አልፏል። የእነርሱም ጉልበት አያልቅም። ዳሩ ግን አሁን ቢሰጡም ደሙ ሳይመረመር አይሰጥም፤ እርስዋ ደግሞ ያን ያህል የምትቆይ አይደለችም» ብላ መለሰችላቸው።

ከዚህ በኋላ ደም ከሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ሁለት ከረጢት ይዛ በሩጫ ስትገባ አየናት። ሌሊቱ ሊነጋ ሲልም ሐኪሙ ወጥቶ ተርፋለች አለን።

ወንድማችን እንባውን ከጠረገ በኋላ የጠየቀው የመጀመሪያ ነገር የደሙን ባለቤት ነው። «ይህን ደም የሰጠው ማን ነው? ሙክት ይዤ ከቤቱ እሄዳለሁ» አለ። አዋላጂቱም ባዶውን ከረጢት አሳየችን። የደሙ ዓይነት፥ የተቀዳበት ቀን፥ የሚያልፍበት ቀን፥ አንድም ረጅም ቁጥር ተጽፎበታል፤ ስም ግን የለበትም። «ስሙ አይነገርም፤ እርሱም ለማን እንደ ሰጠ አያውቅም» አለች። እኛ ዕድሜያችንን ሁሉ የባለ ዕዳንና የባለ ገንዘብን ስም ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ነን፤ ባለ ገንዘቡ የማይታወቅ ዕዳ ያየነው ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰው የራሱን ነውር ሳይገልጥ ሌላውን ቢመክር ምክሩ አይጸናምና አንድ ነገር እንጨምራለን። በዚያው ዓመት ደም የሚቀበሉ ባለሙያዎች ወደ መሥሪያ ቤታችን የሚመጡ መሆናቸውን የሚነግረውን ማስታወቂያ ቃሉን አሳምረን የጻፍነው እኛው ነበርን። ወገንን መርዳት የተቀደሰ ተግባር ነው ብለን ጽፈናል። ቀኑ በደረሰ ጊዜ ግን የሚገለበጥ መዝገብ አለብን ብለን በጓሮ በር ወጣን። በዚያ ሌሊት በሐኪም ቤቱ ግቢ ቆመን ያሰብነው ይህንኑ ነው። ሁለቱ ከረጢቶች የተገኙት ማስታወቂያ ከጻፈው ሰው ሳይሆን ማስታወቂያውን አንብቦ ከሄደ ሰው ነው።

አሁን ይህ ጥበብ ከየት እንደ መጣ በአጭሩ እንናገር። በውጭ አገር ለሆነው ነገር የምንጠራው ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ደም በሰውነት ውስጥ እየዞረ የሚመላለስ መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቪ በ1628 በመጽሐፍ ገለጠ። በ1667 በፈረንሳይ አገር ዣን ባቲስት ደኒ የሚባል ሐኪም የበግና የጥጃ ደም ለሰው መስጠት ጀመረ፤ ከሕመምተኞቹም አንዱ ስለ ሞተ ነገሩ እስከ ዳኛ ደረሰ። ደኒ በፍርድ ነጻ ቢወጣም ቅሉ ሥራው ተከለከለ፤ ብዙ ዘመንም ተረስቶ ኖረ። ኋላ የሰውን ደም ለሰው ለመስጠት የተነሣው የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ብለንደል ነው፤ ጊዜውም በ1818 ነበር። ይህ ሐኪም የአዋላጅነት ሊቅ ነበረ፤ ለዚህ ሥራ ያነሣሣውም ከወለዱ በኋላ ደማቸው እየፈሰሰ በፊቱ የሚሞቱት እናቶች ነገር ነው። እንግዲህ ይህ ጥበብ ከሥሩ ጀምሮ ስለ ወላድ የታሰበ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ደም ከተሰጣቸው አንዱ ሲድን ሌላው ይሞት ነበር፤ ምክንያቱንም የሚያውቅ አልነበረም። ይህንን የገለጠው ካርል ላንድሽታይነር ነው። እርሱም በቪየና ከተማ ሲሠራ የሰው ደም ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑንና የማይስማሙት ዓይነቶች ሲቀላቀሉ እንደሚጓጉሉ በ1901 አስታወቀ። ኤ፥ ቢ፥ ኤቢና ኦ እየተባሉ የሚጠሩት የደም ዓይነቶች የመጡት ከዚህ ነው፤ ላንድሽታይነርም በ1930 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በ1914 ገደማም ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲትሬት የተባለ ጨው ተገኘ። ከዚያ በፊት ሰጪና ተቀባይ ጎን ለጎን መተኛት ነበረባቸው፤ ከዚህ በኋላ ግን ደሙን ቀድቶ ማቆየት ተቻለ።

በፈቃድ ስለ መስጠትም የመጀመሪያው ማኅበር የቆመው በ1921 በለንደን ነው። ፐርሲ ሌን ኦሊቨር የተባለ የቀይ መስቀል ጸሐፊ፥ አንድ ሐኪም ቤት ደም የሚሰጥ ሰው በብርቱ እንደሚፈልግ በስልክ ተነገረው፤ እርሱም ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋራ ሄደ፤ ከመካከላቸው የአንዲት አስታማሚ ደም ተስማምቶ ተሰጠ። ከዚያም በኋላ ኦሊቨር በተጠሩ ጊዜ የሚመጡ ፈቃደኞችን ስም መዝግቦ ከገዛ ቤቱ ሆኖ ያሰማራ ጀመር። ይህ ሰው እንደ እኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረ መሆኑን ባወቅን ጊዜ፥ በጓሮ በር መውጣታችን ይልቁንም አሳፈረን።

በአገራችንም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ቆመ፤ የደም ባንክንም በፈረንጆች 1969 የመሠረተው ይኸው ማኅበር ነው። በኋላ ሥራው ወደ መንግሥት ተዛውሮ ዛሬ የኢትዮጵያ የደምና የሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት በሚባለው መሥሪያ ቤት ይፈጸማል፤ በክፍላተ ሀገርም ደም የሚቀበሉ ጣቢያዎች አሉት። ነገር ግን ብዙ ዘመን የኖረው ልማድ፥ የሕመምተኛው ዘመድ የተወሰደውን ደም እንዲተካ መጠየቅ ነበር። ይህ ልማድ ሲያዩት ፍርድ ይመስላል፤ የወሰደ ይመልስ ማለት ነውና። ዳሩ ግን ሁለት ታላላቅ ጉድለቶች አሉበት። የመጀመሪያው፥ ዘመድ የሚጠራው ችግሩ ከደረሰ በኋላ መሆኑ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደ ተባለው። ከወለደች በኋላ ደሟ የሚፈስ ሴት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ዘመድ የሌላትስ፥ ከሩቅ አገር ለብቻዋ የመጣችስ ምን ትሁን? ሁለተኛው ጉድለት ግን ከዚህ ይልቅ የተሰወረ ነው፤ የዚህም ጽሑፍ ዋናው ነገር እርሱ ነው።

በሕግ ነገር የምስክር ቃል የሚታመነው ምስክሩ ያልተገዛና ያልተገደደ ሲሆን ነው። በገንዘብ የመጣ ምስክር ገንዘቡ እንዳይቀርበት የሚያውቀውን ይሸሽጋል፤ በግድ የመጣም ከቁጣው ለማምለጥ የተፈለገበትን ይናገራል። ደም ሲሰጥም እንዲሁ ነው። ደሙ ከመቀዳቱ በፊት ሰጪው ስለ ጤናውና ስለ አኗኗሩ ብዙ ነገር ይጠየቃል። የተቀዳውም ደም ስለ ኤች አይ ቪ፥ ሄፓታይተስ ቢና ሲ ስለሚባሉት የጉበት በሽታዎች፥ ስለ ቂጥኝም ይመረመራል። ነገር ግን በሽታ በቅርብ ቀን የያዘው ሰው እንደሆነ፥ ምርመራው ሳያገኘው የሚያልፍበት ጥቂት ጊዜ አለ። ይህን ክፍት በር የሚዘጋው የሰጪው እውነተኛ ቃል ብቻ ነው። ገንዘብ የተቀበለ ሰው፥ ወይም በዘመዶቹ ፊት «አልሰጥም» ማለት ያፈረ ሰው፥ ወይም አለቃው በስም ጠርቶ ያሰለፈው ሰው ነውሩን ቢሸሽግ የሚጎዳው በአልጋ ላይ የተኛው ሕመምተኛ ነው። ስለዚህ «በፈቃድ» የሚለው ቃል ለአክብሮት የተጨመረ ቃል አይደለም፤ ራሱ የደሙ መጠበቂያ ነው።

ይህንንም የተናገርነው ከራሳችን አመንጭተን አይደለም። እንግሊዛዊው ሊቅ ሪቻርድ ቲትመስ በ1970 ባወጣው መጽሐፍ፥ ደም በነጻ የሚሰጥበትን የእንግሊዝን አገርና ከሚሸጡ ሰዎችም ይገዛ የነበረበትን የአሜሪካን አገር አስተያይቶ፥ የተገዛው ደም በሽታን ይልቅ እንደሚያስተላልፍ አስረዳ። የዓለም የጤና ድርጅት አገሮችም በ1975 ባደረጉት ጉባኤ፥ ደም ያለ ዋጋ በፈቃድ በሚሰጡ ሰዎች ላይ የተመሠረተ ሥራ በየአገሩ እንዲቆም አሳሰቡ። በአገራችንም በኋለኛው ዘመን ዘመድን ማስተካት ቀርቶ ፈቃደኞችን መጥራት የሥራው መሠረት ሆኗል።

እንግዲህ ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ብዙዎቹ በሥራ ኃላፊነት ላይ ያሉ ሰዎች ስለ ሆኑ፥ ለእነርሱ በተለይ የምንናገረው ቃል አለን። ከበታቻችሁ ያሉትን ሰዎች በስም ዝርዝር አታሰልፉ፤ ያልሰጠውንም አትውቀሱ። አንድ ሰው የማይሰጥበትን ምክንያት ለሐኪም እንጂ ለአለቃ የመናገር ግዴታ የለበትም። ይልቁንስ ባለሙያዎቹ በመጡ ቀን መጀመሪያ ራሳችሁ ሂዱ። አለቃው እጅጌውን ጠቅልሎ ሲወጣ ያየ ሠራተኛ ከመቶ ማስታወቂያ ይልቅ ከዚያ ይማራል። ይህንን የሚናገር ማስታወቂያ ጽፎ የሸሸ ሰው ነውና እመኑት።

አሁን ስለ አሰጣጡ የምናውቀውን እንናገር፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ስላላየው ነውና። ደም የሚሰጥ ሰው ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት፥ ክብደቱም ከ45 ኪሎ የማያንስ መሆን አለበት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት አይሰጡም። እኛ ከዚያ ሌሊት በኋላ ሦስት ሳምንት ቆይተን በሄድን ጊዜ፥ አንዲት ወጣት ነርስ በመጀመሪያ ክብደታችንንና የደም ግፊታችንን ለካች። ቀጥላ ከጣታችን ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስዳ በሰማያዊ ውሃ ውስጥ ጣለቻት። ጠብታይቱ ስትሰምጥ አየንና ምን ማለት ነው ብለን ብንጠይቅ «ጋሼ፥ ደምዎ በቂ ብርታት አለው ማለት ነው፤ ብትንሳፈፍ ኖሮ እንመልስዎ ነበር» አለች። ሰማያዊው ውሃ የመዳብ ጨው ያለበት ነው፤ ብርቱ ደም ከእርሱ ስለሚከብድ ይሰምጣል። ከዚህ በኋላ ወደ ጥያቄዎቹ ገባን። ከጥያቄዎቹም መካከል «የመጡት በፈቃድዎ ነው ወይስ ያስገደደዎ ሰው አለ?» የሚል ነበረበት። እኛ በየቀኑ ለምስክር የሚቀርበውን ይህንኑ ጥያቄ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች፥ ተራው ደርሶብን መለስን።

መቀዳቱ ራሱ ከአሥር ደቂቃ ብዙ አላለፈም። በአንድ ጊዜ የሚቀዳው ደም ግማሽ ሊትር አይሞላም። የአንድ ሰው ደም በጠቅላላው አምስት ሊትር ያህል ስለ ሆነ፥ የሚሰጠው ከአሥራት ያነሰ መሆኑ ነው። ከተሰጠውም ውስጥ ፈሳሹ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተካል፤ ቀያዮቹ የደም ሕዋሳት ግን ለመተካት ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በአገራችን አንድ ሰው ከሰጠ በኋላ ሦስት ወር ቆይቶ ነው የሚደግመው። በባዶ ሆድ መሄድ አይገባም፤ የሚጾምም ሰው ከበላና ከጠጣ በኋላ ቢሄድ ይሻላል። በዚያም ቀን ውሃ አብዝቶ መጠጣትና ከከባድ ሥራ መከልከል ይገባል። አጎታችን የፈሩት የጉልበት ማለቅ ግን አልደረሰብንም፤ በማግሥቱ መዝገባችንን ስንገለብጥ ዋልን። መርፌውና ከረጢቱም ለአንድ ሰው ብቻ ተከፍተው የሚጣሉ ስለ ሆኑ፥ ደም በመስጠት በሽታ ይይዘኛል ብሎ መፍራት አይገባም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ደም እንደ ገንዘብ ተቆልፎበት የሚኖር ሀብት አይደለም። ቀያዮቹ የደም ሕዋሳት በተራው መጠበቂያ መድኃኒት 35 ቀን ያህል ይቆያሉ፤ ደምን የሚያቆሙት ጥቃቅን ሕዋሳት፥ ፕላትሌት የሚባሉት፥ የሚቆዩት አምስት ቀን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ የበዓል ቀን ብዙ ሰው ተሰልፎ ቢሰጥና ከዚያ በኋላ ወራት ሁሉ ዝም ቢባል፥ ከሁለት ወር በኋላ የምትወልደው ሴት ከዚያ የምታገኘው የለም። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ተማሪዎች ሲበተኑ የሰጪው ቁጥር ያንሳል፤ ወላድ ግን ክረምትን መርጣ አትቀርም። የደም ሰጪዎች ቀን ተብሎ በዓለም ሁሉ የሚከበረው የላንድሽታይነር ልደት፥ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 7 ቀን፥ ለማሳሰቢያ መልካም ነው፤ ሥራው ግን የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። በቤተ ሰብ ውስጥ ያሉ ጤነኞች ወራቱን ተከፋፍለው አንዱ በመስከረም፥ አንዱ በኅዳር፥ አንዱ በጥር ቢሰጡና በየሦስት ወሩ ቢመላለሱ፥ ከአንድ ቤት ብቻ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ እርዳታ ይወጣል። በእኛም ቤት እንዲህ አድርገናል፤ በዚያ ሌሊት እርስ በርሳቸው ይተያዩ ከነበሩት መካከል ስድስቱ ዛሬ ወራቸውን ጠብቀው ይሄዳሉ።

አንዳንድ ሰው «ደሜን ለማን እንደሚሰጡብኝ ሳላውቅ እንዴት እሰጣለሁ? ለዘመዴ ይሁንልኝ» ይላል። ለዚህ ሰው የምንመልስለት በቤታችን የደረሰውን ነው። በዚያ ሌሊት ሃያ ዘመድ በግቢው ቆሞ ሳለ የወንድማችንን ሚስት ያዳናት ዘመድዋ ያልሆነ ሰው ነው። ከእኛ ወገን ይሁን ከሌላ፥ በሃይማኖት ይምሰለን አይምሰለን፥ ሹም ይሁን ደሃ አናውቅም። ምናልባትም አያቶቹ ከአያቶቻችን ጋራ ደም የተቃቡ ይሆናሉ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የተባለው ቃል፥ ዘመድ ለዘመድ ብቻ መድኃኒቱ ነው አላለም።

በዚያ ሌሊት የተወለደችው ልጅ ዛሬ ፊደል ቆጥራ ዳዊት ልትጀምር ነው። ወንድማችን እንደ አባቶቻችን ልማድ የልጆቹን የልደት ቀን በዳዊቱ የመጨረሻ ቅጠል ላይ ይጽፋል። ከእርስዋ ስም በታች ከሁለቱ ከረጢቶች የቀዳቸውን ሁለት ቁጥሮች ጽፏቸዋል፤ ስማቸውን ባናውቅም የእናትዋ ባለውለታዎች እነዚህ ናቸው ሲል ነው። እኛም ደማችንን በሰጠን ቀን በከረጢታችን ላይ ሲለጠፍ ያየነው ቁጥር ነበር፤ ነገር ግን አልጻፍነውም። እርሱ ተጽፎ የሚገኝ እንደሆነ በማናውቀው ሰው ቤት፥ በማናውቀው ዳዊት ላይ ነው።